ሸክላ ሠሪዋ

ከስፓኒሽ ታውን መንገድ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ስገባ፣
ሥራዬ ልጣፍ ነው፤ ከሸክላው እንብርት
ክብ ወረቀት ማኖር፣ ሳይቀዘቅዝ በፊት።
አላነብም ነበር የተጻፈውን ስም፤
ስም ለገዢው እንጂ ለለጣፊ አይጠቅም።

ኦስበርት ፔንጌሊ አንድ ሐሙስ መጣ፣
ጫማው የወንድሙ፣ ከእግሩ የሚወጣ።
እናቱ ኬዚያ ከጎርፍ መውረጃው ዳር
የሆስፒታል አንሶላ ታጥብ ነበር።
በጥቅምት አንድ ሌሊት ቦዩ ቤቷን ሲበላ፣
አልጋዋን ትታለት፣ ጣራ ላይ አደረች አቅፋ የሰው አንሶላ፤
ቢጠፋ ከደሞዝ ይቆረጣላ!
ዘፈኑ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለው፤
ዝናቡን እንደ ሰው ጠርቶ "ቀስ በል" የሚለው።

ሚስተር ካርቤሪ፣ ባለ ወርቅ ጥርሱ፣
አሥራ አምስት ዶላር ቆጥሮ ሰጠው ለሱ፤
ቀዱት።
ምንጭ እንኳ ሲቀዱት መልሶ ይሞላል፤
ሰው የተቀዳ እንደሁ በምን ይተካል?
ቤዙ ከመሬት ስር እየተገላበጠ፣
ከበሮው በሦስተኛው አንዴ እየረገጠ፣
ጊታሩ እንደ መቀስ ምቱን እየቆረጠ፣
ሌላው እግሩን ሲጥል እሱ አንስቶ ቆየ፤
ድምፁ ካልተረገጠው ቦታ ላይ ታየ።

በማግስቱ ልጣፉ መጣ። ያን ቀን አነበብኩ።
"ግጥምና ዜማ፦ ካርቤሪ" ይላል።
የልጁ ስም ከታች ነው፣ በጉንዳን ፊደል፤
እሱም "ኦስካር" ሆኗል።
አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ነገ ደሞዝ ነው።
ሦስት ሺህ አራት መቶ። የለጠፈው እጅ የኔ ነው።
አንዷን ግን፣ ካርቤሪ ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ፣
ባዶ ነጭ ለጥፌ ወሰድኳት ደብቄ።

ገና ሲደርስ አውቶቡሱ ሁሉ ዘፈኑን ያሰማ ነበር፤
ኦስበርት ከኋላ ወንበር፣ ሒሳብ ከፍሎ ይሳፈር ነበር።
ዘፈኑ ባሕር ተሻገረ፤ ዘፋኙ ኋላ ደረሰ።
በርሚንግሃም፣ የካቲት፣ ካፖርት ተውሶ ለበሰ።
የቤተክርስቲያን አዳራሽ፣ ሕዝቡ ግጥም ብሎ፣
አዘጋጁ በጓሮ በር ወጣ ሣጥኑን አዝሎ።
መመለሻ ትኬቱን የገዙለት ወለል አጣቢ ሴቶች ናቸው፤
እናቱን ከዘፈኑ ያወቋት መሰላቸው።
ከዚያ ሁለት ሸክላ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሳል።
ከዚያ አገሩ፣ "ሞቷል" ይላል።

ኦቾ ሪዮስ፣ ሆቴል፤ ዩኒፎርም አጥልቆ፣
ባትሪና ዱላ ይዞ ያድራል ተጠንቅቆ።
አንድ ሌሊት ከመዋኛው ዳር ድምፅ ማጉያው ሲዘፍን፣
አንዲት እንግዳ ደወለች፤ "እንቅልፍ ነሳን፤ ይጥፋልን።"
ሄደ።
የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ "ቀስ በል" አለው ከፊቱ፤
ሁለተኛውን ስንኝ ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ ዘጋው በጣቱ።
መዝገቡ ላይ ጻፈ፦
"ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ጩኸት ነበር። ጠፋ።"

"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" ይላል ሰው፤
እኔ ግን አንድ ያልተሰበረ ነበረኝ፤
ባለፈው ሰኔ ይዤለት ሄድኩ፤ ማጫወቻ የለው።
በመስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አያት፤
በጥፍሩ ጫፍ ጥቁሯን ቦይ እየተከተላት፣
"ዝናቡ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው" አለኝ።
ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እስኪርቢቶ ለመነኝ።
ነጩ ላይ የሚጽፈው የራሱን ስም መስሎኝ፤
"ኬዚያ" ብሎ ጻፈ። እፍ፣ እፍ አለበት፤ አሳየኝ።
ውጭ ዝናብ ጀመረ፣ ቆርቆሮውን ሲቆላ፤
ሸክላዋን ደረቱ ላይ አቀፋት፣ እንደ አንሶላ።